ሁለት ምላጭ፣ አንድ አፈሙዝ

ባለፈው ሴሚስተር ለክፍላችን የልምምድ ጋዜጣ የፎቶ መግለጫ እንድጽፍ ተሰጠኝ። ፎቶው ላይ ያለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የጀርመን የኢላማ ጠመንጃ ነው። ምላጩን (ብዙዎቻችን ቃታ የምንለውን) ስቆጥር ሁለት ሆነብኝ። ምንም ሳላቅማማ «ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ» ብዬ ጻፍኩ። ታተመ። ባይገርማችሁ ፎቶው ላይ በግልጽ የሚታየው አፈሙዝ አንድ ብቻ ነበር! ማንም አላረመኝም። በሳምንቱ ራሴ ሳየው አፈርኩ፤ ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

ጀርመኖች ይህን አሠራር ሽቴኸር ይሉታል። በአብዛኞቹ ላይ የኋለኛው ምላጭ ሲሳብ ጠመንጃው አይተኩስም፤ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሞላ ይወጥራታል እንጂ። ከዚያ የፊተኛውን ነካ ሲያደርጉት የተወጠረው ሞላ ይለቀቅና ጥይቱ ይተኮሳል። በሁለቱ ምላጮች መሀል ያለችው ትንሽ ቪቴ ክብደቱን ታስተካክላለች። የወታደር ጠመንጃ ምላጭ ለመሳብ ሁለት ሦስት ኪሎ ጉልበት ሲፈልግ፣ ይህኛው ከ100 ግራም በታች ሊወርድ ይችላል።

ለምን አስፈለገ? በጀርመንና በስዊዘርላንድ የተኳሾች ማኅበራት ውድድር የሚካሄደው በአብዛኛው ቆሞ፣ ያለ ድጋፍ ነበር። ስደተኞቻቸው ጨዋታውን ወደ አሜሪካ ወስደው እዚያም በ200 ያርድ ርቀት ይወዳደሩበት ነበር። ከአምስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ጠመንጃ ቆሞ የያዘ ሰው እጁ መወዛወዙ አይቀርም። ጣቱ ምላጩን በኃይል ከጎተተ ደግሞ አፈሙዙ ከኢላማው ይሸሻል።

የዶርም ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ይሄማ ማጭበርበር ነው፤ ብረቱ ነው የሚተኩሰው» አለኝ። እኔ አልስማማም። ሽቴኸር ጠመንጃውን አይሸከምም፣ አያልምም፣ ትንፋሽም አይቆጣጠርም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ተኳሹ «አሁን» ባለበት ቅጽበትና ጥይቱ በሚወጣበት ቅጽበት መካከል ያለውን ርቀት ያጠብባል። ውሳኔው ትክክል ከሆነ ይመታል፤ ከተሳሳተም «ምላጩ ከብዶኝ ነው» የሚል ሰበብ የለውም። ደግሞም ማጭበርበር ማለት ደንብ መጣስ ነው። በ300 ሜትር ውድድር ስታንዳርድ ለሚባለው ጠመንጃ የምላጭ ክብደት ከ1500 ግራም እንዳያንስ ተደንግጓል፤ ነፃ ለሚባለው ግን ገደብ የለውም። ሁሉም የሚያውቀው ደንብ ካለ የተበደለ ሰው የለም።

ጓደኛዬ አንድ ነገር ላይ ግን ረትቶኛል፤ እሱም አደጋው ነው። ሞላው አንዴ ከተወጠረ ትንሽ ግጭት ሊያስተኩሰው ይችላል። ስለዚህ አፈሙዙ ወደ ኢላማው ሳይዞር ሞላው አይወጠርም፤ ተኳሹ ሐሳቡን ከቀየረም መጀመሪያ ጥይቱን ያወጣል፣ ከዚያ ነው ሞላውን የሚያላላው። ለሚሮጥና ለሚወድቅ ወታደር ይህ አይሆንም። «ታዲያ ለምን ነቅለው አይጥሉትም?» ሲለኝ መልሴ ይህ ነው፦ የድሮ የኢላማ ጠመንጃ ሽቴኸሩ ከተነቀለ የታሪኩ ግማሽ አብሮ ይነቀላል። መጠበቅ ያለበት ከነአያያዝ ሥርዓቱ ነው።

በእኔ እምነት ሥርዓቱ እኛንም ይመለከታል። የእኛ እስክሪብቶ ምላጩ በጣም ቀላል ነው፤ ሳንመለከት እንጽፋለን፣ ታትሞ ይወጣል፣ ማንም አይጠይቀንም። የትምህርት ክፍላችን ጋዜጣ የእርማት አምድ እንዲኖረው ሐሳብ አቀርባለሁ። ለጅምሩም የራሴን ላስገባ፦ በዚያ ፎቶ ላይ ያለው ጠመንጃ ምላጩ ሁለት፣ አፈሙዙ ግን አንድ ነው። አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።