ድንቅነሽን ለልጆች ማን ይንገራቸው?

በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ መጽሐፉንም በአብዛኛው የሚመርጠው ወላጅ ነው። በዚህ መንገድ የሚያስተምሩ ብዙ ክርስቲያን ወላጆች የዝግመተ ለውጥን ነገር «ሲጎረምስ ይደርስበታል» እያሉ ያቆዩታል። እኔ ግን ልጁ ገና በስድስትና በሰባት ዓመቱ፣ ከእናት ከአባቱ አፍ፣ ሳይጣመም ሊሰማው ይገባል እላለሁ።

ዝምታው ብዙ አያስኬድም። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው የዳይኖሰር መጽሐፍ 66 ሚሊዮን ዓመት እያለ ይጠብቀዋል። ጠይቆ የእናቱ ፊት ሲጠቁር ካየ፣ የሚማረው በዚህ ቤት የማይጠየቅ ጥያቄ እንዳለ ነው።

ከዝምታው የሚብሰው ማጣመሙ ነው። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ ይላሉ» ብለን እናስቃቸዋለን። ሳይንቲስቶቹ ግን የሚሉት ሰውና ቺምፓንዚ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ የማንስማማበትንም ሰው ይጨምራል። የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መልክ ማቅረብ የክርስቲያን ግዴታ ነው።

ለሐበሻ ልጅ ከድንቅነሽ የተሻለ መነሻ የለም። በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ቅሪተ አካል፣ ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ይሰጣታል። ልጁን አስነሥታችሁ ከዳሌው እስከ ጉልበቱ በእጁ እንዲዳስስ አድርጉ፤ የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የቺምፓንዚ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የድንቅነሽ ግን እንደ ልጁ ያዘነበለ ነው። ተመራማሪዎቹ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር ካሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ወላጅ «አጥንት የሚያጠኑ ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ ማስረጃቸውም ይህ ነው። እኛ ደግሞ ሁሉን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ብለን እናምናለን» ይበል። ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ይበቃል።

«ሕፃን ልጅ ሁለት ነገር ሲሰማ ግራ ይጋባል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን አማኞች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ አንድ ሆነው አያውቁም። ኬን ሃም በ2007 እ.ኤ.አ. በኬንተኪ በተከፈተው የፍጥረት ሙዚየም ምድር ስድስት ሺህ ዓመት ያህል ናት ብሎ ያስተምራል። የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክትን የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ደግሞ ወንጌላዊ ክርስቲያን ሆኖ፣ እግዚአብሔር በዝግመተ ለውጥ ፈጠረ ይላል። የዘመን ቁጥሩም ቢሆን ይለያያል፤ የእኛ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ስትቆጥር፣ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ አሸር የፍጥረትን መጀመሪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ላይ አስቀምጧል። ይህን የሚያውቅ ልጅ እምነትን ከአንድ ቁጥር ጋር አያስርም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። «ዝግመተ ለውጥ እውነት ከሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ውሸት ነው» ተብሎ ያደገ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሥነ ሕይወት ማስረጃ ሲበዛበት፣ ከሁለቱ አንዱን ለመጣል ይገደዳል። ያንን ምርጫ ፊቱ ያስቀመጥነው እኛው ወላጆቹ ነን። እምነቱ እንዲጸናለት የምንሻ ከሆነ፣ ፈጣሪን ማመንና ማስረጃን በቅንነት መመርመር አብረው እንደሚኖሩ በልጅነቱ ከእኛው ይልመድ።