ጥለቱ ገጠመ፣ ሰው ጎደለ

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። የድሮ ተማሪዎቼ ታውቁኛላችሁ፤ ጠመኔ ይዤ ዝም ካልኩ ነገር አለ ማለት ነው። ይሄን ጉዳይ ከፋሲካ ጀምሮ በሆዴ ይዤው ነበር። ሰሞኑን ግን ሦስት ሰዎች በየተራ "ጋሼ፣ የቤተሰብ ፎቶ ልንነሳ ነው፣ ምን ቀለም ያምራል?" ብለው በውስጥ ሲጠይቁኝ አላስቻለኝም። (የቀለም ነገር እኔን መጠየቃቸው ራሱ ይገርማል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ቡኒ ሹራብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።)

መልሴ ይሄ ነው፦ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ።

ታሪኩን ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው። "ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው፣ ለሌላው ይጠቅም ይሆናል" ብላኛለች።

ባለፈው ፋሲካ ውጭ አገር የምትኖረው እህታችን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከነልጆቿ መጣች። እማማ ሰማንያን አልፋለች። ስለዚህ "ሁላችንም በተገኘንበት አንድ ፎቶ እንነሳ" ተባለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ማን ይጠላል? ወዲያው የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። በማግስቱ ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶ ተለጠፈበት፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥበብ ለብሰው፣ እንደ ማርሽ ባንድ ተሰልፈው። "እንደዚህ እንሁን!" ተባለ። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ተሂዶ ንድፍ ተመረጠ፤ ጥቁር አረንጓዴ ከወርቃማ ጋር። ለሴቶቹ ቀሚስ፣ ለወንዶቹ ከነሱሪው፣ ለሕፃናቱም በየልካቸው። ዋጋው ተለጠፈ። "እስከ ዓርብ ቀብድ ላኩ።"

አውራ ጣት እየተደረደረ መጣ። እኔም የበኩር ልጅ ነኝና ቀደም ብዬ አውራ ጣቴን ላክሁ።

ታናሽ እህቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ያ ዋጋ በአራት ሰው ሲባዛ ከሁለት ወር ደመወዟ ይበልጣል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ እኮ! ያቺን ማባዛት ለመሥራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። አልሠራኋትም።

የፎቶው ዕለት ጠዋት "ትንሿን አሟታል፣ ሐኪም ቤት ነን፣ እናንተ ተነሱ" ብላ ጻፈች። "እግዜር ይማራት" ብለን ጻፍንና ተነሳን።

እማማ የራሷን ነጠላ ለብሳ ነበር የመጣችው። ጥለቱ ሰማያዊ ነው፤ ስለዚህ "አይገጥምም" ተብሎ ተቀየረላት። ፎቶ አንሺው ወጣት ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። አረንጓዴው ጥለት በደንብ እንዲታይ ብሎ ነጠላዋን ገልብጦ ጥለቱን አንገቷና ፊቷ ዙሪያ አደረገላት። እማማ እጁን ያዘችና "ምነው ልጄ፣ ማን ሞቶብኝ ነው?" አለችው። ሁላችንም ሳቅን። ልጁ ጥለት ወደ ላይ የሚደረገው ለለቅሶ መሆኑን ማን ነግሮት ይወቅ?

አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፎቶው በትልቅ ፍሬም መጣ። እማማ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ መስታወቱ ላይ አንድ በአንድ ቆጠረች። በዚያ መሐል ታናሽ እህቴ ከነልጆቿ ለመጠየቅ መጥታ ነበር። ሰባት ዓመት የሞላት ልጇ ፎቶውን አየችና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "እኛ ልብሱን ስላልገዛን ነው የሌለነው" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቷ ቡናውን ልታቀርብ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እማማ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ፍሬሙን አነሳችና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አልጋዋ ሥር አስገባችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልግባ። ይሄን ለሰው ስናገር ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣልኛል።

አንደኛው፦ "ብትናገር እንረዳት ነበር።" ይሄ በጣም የሚያናድደኝ ነው። ሃያ ሰው ባለበት ግሩፕ፣ ውጭ አገር ያደጉ የእህት ልጆች በሚያነቡበት፣ "እኔ አቅም የለኝም" ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? እናንተ ትጽፉታላችሁ? ሰው ድህነቱን ማስታወቂያ እንዲያወጣ ካደረግነው በኋላ "ለምን አልነገርሽንም" ማለት ደግ መሆን አይደለም። ጥፋቱን መልሶ እሷ ላይ መጫን ነው።

ሁለተኛው፦ "ድሮም እኮ ለፎቶ ይለበስ ነበር።" እውነት ነው፣ አልክድም። የአባባና የእማማ የመጀመሪያ ፎቶ 1962 ዓ.ም. ፒያሳ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሱት ነው። አባባ የለበሰው ኮት የጎረቤት ነበር፤ እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ ብቻ ይታያሉ። ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ያኔ ኮት የሌለው ሰው ፎቶ እንዲነሳ ኮት ተዋሰ። ዛሬ ልብሱ የሌለው ሰው ከፎቶው ይቀራል። ያኔ ልብሱ ለሰውየው መጣለት፤ ዛሬ ሰውየው ለልብሱ ተባረረ።

እንዲያውም ወደ ኋላ እንሂድ ካልን፣ ፎቶ እኛ አገር ሲገባ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነገር ነበር። ከአርመን ወገን የሆኑት የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ካባውና ለምዱ የሚናገረው ማዕረግ ነው፤ ማን ከማን እንደሚበልጥ። ኋላ ስቱዲዮዎች ሲበዙ ነው ወታደሩም፣ አስተማሪውም፣ የጉልት ነጋዴዋም ተራ ይዘው መነሳት የቻሉት። የፎቶ ትልቅ ነገሩ ይሄ ነበር። እኛ ደግሞ አሁን በገዛ ሳሎናችን ውስጥ እንደገና የማዕረግ ልብስ አምጥተን "ያለው ይግባ" እያልን ነው።

ሦስተኛው፦ "ሸማኔውስ ምን ይብላ?" ይሄኛው ቁም ነገር አለው። ሽሮ ሜዳ ላይ ትእዛዝ የሚጠብቅ ብዙ ቤተሰብ አለ፤ ሥራቸውም የሚያኮራ ነው። ግዙ! አቅም ያለው ይግዛ፣ ይልበስ፣ ያምርበታል። ሠርግ ላይ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሲለብሱ እኔም ደስ ይለኛል። የምጣላው ከልብሱ ጋር አይደለም። የምጣላው ልብሱ የመግቢያ ቲኬት ሲሆን ነው።

እና ምን ይደረግ? የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ ደብተር አውጡ።

ቀለም የመረጠ ሰው ለሁሉም ይክፈል። መክፈል ካልቻለ አይምረጥ።

ግሩፕ ከመክፈታችሁ በፊት ከቤተሰቡ አቅም ለሚያንሰው ሰው በስልክ፣ በግል ደውሉ። "አንተ ምን ብንለብስ ይሻላል ትላለህ?" በሉት። መጀመሪያ የሱን መልስ ስሙ፤ ከዚያ እሱ ያለውን እንደ ራሳችሁ ሐሳብ አቅርቡት።

ነጭ ከፈለጋችሁ በየቤቱ አለ እኮ። ነጠላ የሌላት እናት፣ ጋቢ የሌለው ቤት ስንት ነው? አጥባችሁ ተኩሱት። የጥለቱ ቀለም ይለያይ፤ የእማማ ሰማያዊ፣ የአክስት ቀይ፣ የሟች አያት ነጠላ ደግሞ በልጅ ልጅ ትከሻ ላይ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ የሚያይ ልጅ "ይሄ የማን ነበር?" ብሎ ይጠይቃል።

በቀትር አትነሱ። ሁሉም ሰው ነጭ ለብሶ ፀሐይ ላይ ከቆመ ካሜራው ለነጩ ልብስ ሲል ብርሃኑን ይቀንሰውና የኛ ፊት ይጠቁራል፤ ዐይን አይታይም። ከአሥር ሰዓት በኋላ የቤት ጥላ ውስጥ ቁሙ። ሽማግሌዎችን አስቀምጡ፣ ሕፃናት ሳይርባቸው ቶሎ ጨርሱ። ዶሮውን ስትሠራ የዋለችውን ልጅም ጥሯት፤ ስልክ ያዢ ብቻ አትበሏት።

በመጨረሻም፣ አንድ ሰው በፎቶው ቀን "አሞኛል" ካለ፣ "እግዜር ይማርህ" ብላችሁ አትለፉ። ሄዳችሁ አንኳኩ።

እኔ አላንኳኳሁም። ከቤቷ እስከ እማማ ቤት አንድ ታክሲ ነው።

ለእንቁጣጣሽ እንደገና ልንነሳ ተስማምተናል። ውጭ ያለችው እህታችን አትኖርም፤ ያ የማይመለስ ነው፣ ዋጋውን እየከፈልን ነው። እማማ "ሰማያዊ ጥለቴን ነው የምለብሰው፣ ማንም እንዳይነካብኝ" ብላለች። እኔ ቡኒውን ሹራብ አደርጋለሁ።

ሐሳባችሁን ጻፉልኝ። "ቤተሰብህን አዋረድክ" የምትሉ ዘመዶችም ጻፉ፤ ግን መጀመሪያ ግድግዳችሁ ላይ ያለውን ፎቶ ሄዳችሁ ቁጠሩት።

መልካም ሰንበት።