ፖል ስኮልስ ማንን ከዳ?

ስለ ፖል ስኮልስ በተወራ ቁጥር ሁለት ነገሮች ሳይነሱ አይቀሩም። አንደኛው ሙገሳ ነው፦ ጭምቱ፣ ዝምተኛው፣ ጋዜጠኛ ሲያይ የሚሸሸው፣ ልምምዱን ጨርሶ በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚሮጠው አማካይ። ሁለተኛው ክስ ነው፦ በ2004 ክረምት፣ ገና በ29 ዓመቱ፣ የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን ጥሎ የሄደው ሰው። ሙገሳውን የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ይዘምሩታል፤ ክሱን ደግሞ የቀረው ሁሉ። በእኛ እምነት ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን በደንብ አላዩትም። ሙገሳው ያሳንሰዋል፤ ክሱም መቅረብ ያለበት በሌላ ሰው ላይ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማስታወሻ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም በመካከላችን የአርሰናል ደጋፊዎች አሉ፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንብበው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ "ይውጣ" ብለዋል። ስለዚህ "የማንዩ ፕሮፓጋንዳ ነው" ልትሉ የተዘጋጃችሁ ወዳጆቻችን እስከ መጨረሻው ታገሱን።

ስኮልስ በ1974 በሳልፎርድ ተወለደ፤ ያደገው ከማንቸስተር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ሚድልተን ነው። አጭር፣ ቀይ ፀጉር ያለው፣ አስም የሚያስቸግረው ልጅ ነበር። ጉልበትና ቁመና በሚያመልከው የዚያ ዘመን የእንግሊዝ እግር ኳስ እንዲህ ያለ ልጅ የሚያልፍበት በር ጠባብ ነው። እሱ ግን አለፈ። በሴፕቴምበር 1994 በሊግ ካፕ ፖርት ቬል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ግብ አገባ። ከዚያ በ2013 ጫማውን ለመጨረሻ ጊዜ እስከ ሰቀለበት ቀን ድረስ የሌላ ክለብ ማሊያ አልለበሰም። 718 ጨዋታ፣ 155 ግብ፣ 11 የፕሪሚየር ሊግ፣ 3 የኤፍኤ ካፕ እና 2 የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ።

ቁጥሩን የሚያውቅ ብዙ ነው። ሥራውን እናስታውስ። መጀመሪያ ላይ ስኮልስ ከአጥቂዎቹ ጀርባ የሚጫወት ግብ አግቢ ነበር። ተከላካዮች አጥቂውን ተከትለው ወደ ግባቸው ሲያፈገፍጉ እሱ ዘግየት ብሎ ይመጣና ማንም በሌለበት ቦታ ይገኛል። በማርች 2000 ቤካም ከማዕዘን የላከለትን ኳስ መሬት ሳትነካ፣ ከሳጥኑ ውጭ ሆኖ፣ ብራድፎርድ ላይ ያስቆጠራት ግብ የዚያ ዘመን ማስታወሻ ናት። ቀጥሎ በ2005/06 የውድድር ዘመን ዓይኑን ታመመ። እይታው ደበዘዘ፤ የውድድሩን ሁለተኛ አጋማሽ ከሞላ ጎደል ከሜዳ ውጭ አሳለፈ። ዕድሜው 31 ደርሶ ነበር።

ሲመለስ ግን ሌላ ተጫዋች ሆኖ ተመለሰ። ወደ ኋላ ወረደ፤ ከራሱ ተከላካዮች ፊት ቆመ። ኳሷ ከመድረሷ በፊት ዞር ዞር ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ስትደርሰው ወዴት እንደምትሄድ አስቀድሞ ወስኗል። ከዚያ ከሜዳው ማዶ ያለው የክንፍ ተጫዋች እግር ሥር ያስቀምጣታል። ጨዋታው እንዲፈጥን ሲፈልግ ያፈጥነዋል፤ እንዲቀዘቅዝ ሲፈልግ ያቀዘቅዘዋል። ያኔ በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶች ሰው የሚጮኸው ለሩኒና ለሮናልዶ ነበር፤ ቢጮህም አይፈረድበትም። ይሁንና ኳሷ ከየት ተነሥታ እነሱ ጋ እንደደረሰች ወደ ኋላ እየተቆጠረ ቢታይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀይ ፀጉር ነው። የባርሴሎናው ዣቪ ሳይቀር ባለፉት 15 እና 20 ዓመታት ካያቸው አማካዮች የሚያስበልጠው ስኮልስን መሆኑን ተናግሯል። በሙያው ከዣቪ የበለጠ ምስክር ከየትም አይመጣም።

አሁን ወደ ክሱ። ስኮልስ ለእንግሊዝ መጫወት የጀመረው በ1997 ነው። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ ቱኒዚያ ላይ አገባ። በማርች 1999 ፖላንድ ላይ ሦስት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በግላስጎው ስኮትላንድ ላይ ሁለት ግብ አስቆጠረ። ማለትም በለመደው ቦታ ሲያሰልፉት ለክለቡ የሚያደርገውን ለአገሩም ያደርግ ነበር። ከዚያ ጄራርድ መጣ፤ ላምፓርድ መጣ። ሁለቱም ታላላቅ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሁለቱም የሚጫወቱት መሀል ነው። ቀኙ የካፒቴኑ የቤካም ነው። አሰልጣኙ ኤሪክሰን አራት ትልልቅ ስሞች ነበሯቸው፤ ሦስት ቦታ ነበራቸው። የቀረው ባለቤት ያልነበረው ግራ መስመር ነው።

በፖርቹጋል በተካሄደው የ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ስኮልስ ወደዚያ ተገፋ። ቀኝ እግረኛ፣ ፍጥነት የሌለው፣ የመስመር ተጫዋችነት ተፈጥሮው ያልሆነ ሰው ግራ መስመር ላይ ቆመ። ክሮኤሺያ ላይ ያስቆጠራት ግብ በሦስት ዓመት ውስጥ ለብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያው ነበረች። በሩብ ፍጻሜው ከአስተናጋጇ ፖርቹጋል ጋር በተደረገው ጨዋታ በሁለተኛው አጋማሽ ተቀይሮ ወጣ፤ እንግሊዝም በመለያ ምት ተሰናበተች። ከሳምንታት በኋላ ስኮልስ በቃኝ አለ። 66 ጨዋታ፣ 14 ግብ፣ አበቃ።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል አንድ ነገር ማስቀመጥ አለብን። ስኮልስ ራሱ ያቆምኩት በግራ መስመር ምክንያት ነው ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም አይደለም ነው የሚለው። ያኔ የሰጠው ምክንያት ቤተሰቡንና ክለቡን ነው። ቃሉን እንቀበለዋለን። የሰው ልብ ውስጥ ገብተን "ቅር ብሎህ ነው" ልንለው አንችልም። ግን የሱ ቃል ኤሪክሰንን ነጻ ያወጣቸዋል? አያወጣም። ሰውየው የሄደው በምንም ምክንያት ይሁን፣ እንግሊዝ በእጇ ሳለ ምን እንዳደረገችው ተጽፎ አልቋል። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይላሉ አባቶቻችን። በየሳምንቱ በኦልድ ትራፎርድ መሀል ሜዳ ላይ ቡድን ሲያዘጋጅ የሚታየውን ሰው ክፍተት መድፈኛ አደረጉት። ያደረጉትም ከአራቱ ትልልቅ ስሞች አንዱን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የማስቀመጥ ድፍረት ስላጡ ነው። አሰልጣኝ ስሞችን ሁሉ ለማስደሰት ሲል ቡድኑን ሲያበላሽ፣ የሚከፍለው ሁልጊዜ የማያማርረው ተጫዋች ነው።

"የአገር ጥሪ እምቢ አይባልም" የሚሉ አሉ። ከእኛም መካከል አንዱ ይህንን አጥብቆ ተከራክሯል፤ ሁሉም እንደ ስኮልስ ቢያደርግ ብሔራዊ ቡድን የሚባል ነገር ይኖራል ወይ ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሳችን ይህ ነው። ስኮልስ ሁለት የዓለም ዋንጫና ሁለት የአውሮፓ ዋንጫ ተጫውቶ፣ ሰባት ዓመት አገልግሎ ነው ያቆመው። በውድድር መሀል አልሄደም፤ ጉዳት አስመስሎም አልቀረም። ልቡ የሌለበትን ማሊያ ለብሶ የሌላ ሰው ቦታ ይዞ መቀመጥ ይችል ነበር። ስንቱ ነው ይህን የሚያደርገው! የጨዋታ ቁጥሩ መቶ ይገባ ነበር፤ ሽልማትና ጭብጨባም ይከተለው ነበር። እሱ ግን ቦታውን ለቀቀ። ከሚቆዩት መካከል ልባቸው ሌላ ቦታ የሆነውን ማንም አይከስም፤ በግልጽ የሄደው ብቻ ከዳተኛ ይባላል። ይህ ፍርድ አይመስለንም።

ደግሞ የሆነውን ተመልከቱ። ከ2004 በኋላ ስኮልስ ከክለቡ ጋር አምስት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። በኤፕሪል 2008 በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ባርሴሎና ላይ ከርቀት የመታት ኳስ ዩናይትድን ለሞስኮው ፍጻሜ አበቃች፤ ዋንጫውም መጣ። እንግሊዝስ? በ2006ቱ የዓለም ዋንጫ እንደገና በፖርቹጋል፣ እንደገና በመለያ ምት ወጣች። ለ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ጭራሽ አላለፈችም። "ጄራርድና ላምፓርድ አብረው መጫወት ይችላሉ ወይ?" የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። ኳሷን ይዞ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ማንቸስተር ውስጥ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ክሱን የሚያጠናክር አንድ ነገር አለ፤ አንደብቀውም። በ2010 አሰልጣኙ ካፔሎ ለደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ስኮልስን ፈልገውት ነበር። አልሄድም አለ፤ እንግሊዝም በጀርመን 4 ለ 1 ተሸንፋ ተመለሰች። በኋላ ስኮልስ ስለዚያ ውሳኔ ሲጠየቅ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ የማስቢያ ጊዜ ቢሰጠኝ ኖሮ ልስማማ እችል ነበር ብሏል። እንግዲህ ከሳሾቹ ይህን ይያዙት። እኛ ግን የምንይዘው ሌላውን ጫፍ ነው፦ ጥያቄው የቀረበለት የቡድኑ ዝርዝር ሊታወቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የራቀን ሰው በመጨረሻው ሰዓት ደውሎ "ና" ማለት ጥሪ ነው ከተባለ፣ ጥሪውም እንደ ቡድኑ አሰላለፍ ያልታሰበበት ነበር።

ይኸው ሰው በሌላ በኩል "እሺ" ሲል እንዴት እንደሚል አይተናል። በ2011 ጫማውን ሰቅሎ የክለቡን ወጣቶች ማሰልጠን ጀመረ። በጃንዋሪ 2012 ሰር አሌክስ አማካይ አጥተው ሲቸገሩ ተመለሰ። ምስጢሩ እንዳይወጣ ብሎ ከስፖርት ዕቃ ሱቅ በ40 ፓውንድ ጫማ ገዛ። በዚያ ወር ማንቸስተር ሲቲ ላይ ተቀይሮ ሲገባ ካቀበላቸው ኳሶች አንዷ ተሳስታ ግብ ሆነችበት። በሚቀጥለው የሊግ ጨዋታ ቦልተን ላይ አገባ። ዋንጫው በዚያ ዓመት በግብ ልዩነት ወደ ሲቲ ሄደ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ተመለሰ። የ37 ዓመት ሰው፣ ሁሉን አግኝቶ የጨረሰ፣ ስሙን አደጋ ላይ ጥሎ የተመለሰው ሥራውን በሚሠራበት ቦታ ስለፈለጉት ነው። በ2004 የለም፣ በ2012 አዎ ያለው ያው አንድ ሰው ነው።

ስለ ዝምታውም አንድ ቃል እንበል። ስኮልስን ጭምት መነኩሴ አድርጎ መሳል ቀልድ ነው። በፕሪሚየር ሊግ ብቻ ከ90 በላይ ቢጫ ካርድ አይቷል። በ1999 ስዊድን ላይ በአሮጌው ዌምብሌይ በቀይ ካርድ የወጣ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ተጫዋች ሆነ። የዚያው ዓመት የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ያመለጠው በካርድ ቅጣት ነው። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ የገዛ ክለቡን ሳይቀር ያለ ርኅራኄ ሲተች ሰምተነዋል። በ2019 የኦልድሃም አሰልጣኝ ሆኖ እንዳሰበው መሥራት እንደማይችል ሲገባው በ31 ቀኑ ለቀቀ። እዚያ ትንሽ ቢታገስ ይሻለው ነበር የምንል በመካከላችን አለን። እንግዲህ ይህ ሰው ዝም ያለው የሚለው ስላጣ አልነበረም። ሥራ ላይ ነበር። እኛ ግን "ዝምተኛ" የሚለውን ቃል ወደድነው፤ ምክንያቱም ዝምተኛን ማመስገን አያስከፍልም፤ የፈለጉት ቦታ ማቆምም ይቻላል።

ይህ የእንግሊዝ ጉዳይ ብቻ ከመሰላችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከእኛ እኩዮች ስንቱ ነው በተማረበት ሳይሆን ቦታ በተገኘበት የተመደበው? ስንቱ ነው "ይህ እኮ ክብር ነው፣ ይዘህ ቆይ" የተባለው? ቆይቶ ሲዳከም "እሱ እንኳ እንደተወራለት አይደለም" ይባላል፤ ሲለቅ ደግሞ "ከዳን"። መሄድ ሁልጊዜ ልክ ነው አላልንም። እንጀራ ያለበት ነገር እንደ እግር ኳስ አይቀልም፤ ለስኮልስ ኦልድ ትራፎርድ ነበረለት፤ ለብዙዎቻችን ሁለተኛ በር የለም። ለዚህም ነው የሚቆየውን የማንፈርድበት። ነገር ግን አንድ ሰው ቦታውን በለቀቀ ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የሄደው ነው ወይስ የመደበው?

ስኮልስ ማንንም አልከዳም ነው የምንለው። በእጁ ያለውን ሰው ምን እንደሚችል ሳያይ ያሰለፈ ቡድን ግን የከዳው ሰው አለ፦ በየሁለት ዓመቱ ቀይና ነጭ ባንዲራውን መስኮቱ ላይ እየሰቀለ የሚጠብቀው የእንግሊዝ ደጋፊ። የማትስማሙ ካላችሁ ክርክሩ ክፍት ነው፤ የአርሰናሎቹ ወዳጆቻችን "ቪዬራ ይበልጠዋል" በሚለው ጀምረውታል።