አርቦቫይረስ ማለት ምን ማለት ነው? ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

በመተማ ዮሐንስ፣ በገንዳ ውኃ፣ በኮኪትና በቋራ ቆላ የሚኖር ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ሰውነቱ በጋለ ጊዜ «ምን ሆንህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ወባ ያዘኝ» ይላል። ይህን በማለቱ አይፈረድበትም። ወባ በዚህ አገር ከአባት እስከ ልጅ የታወቀ ጠላት ነው፤ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ የሚጥለውም እርሱ ነው። ነገር ግን ትኩሳትን ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ልማድ በሆነ ጊዜ፣ በዚያ ስም ጥላ ሥር ሌላ ጠላት ተሸሽጎ ይኖራል። ስለዚህ ስለ ተሸሸገው ጠላት ስምና ስለ ስሙ አጠቃቀም ለመምህራንና ለከተማ አንባብያን ጥቂት ለማሳሰብ እንወዳለን።

ስሙ አርቦቫይረስ ይባላል። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ቃላት ተቈርጦ የተቀጠለ ነው። «አር» የተባለው አርትሮፖድ ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ ይህም በግሪክኛ እግሩ ባለ መገጣጠሚያ የሆነ ፍጥረት ማለት ነው፤ ትንኝንና መዥገርን የመሳሰሉትን ያጠቃልላል። «ቦ» ደግሞ መሸከምን ከሚያመለክት ቃል የተወሰደ ነው። እንግዲህ አርቦቫይረስ ማለት ትንኝና መዥገርን የመሰሉ ደም መጣጮች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሱት ቫይረስ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ቀድሞ «አርቦርቫይረስ» ይሉት ነበር። ሆኖም «አርቦር» በላቲን ቋንቋ ዛፍ ማለት ስለ ሆነ፣ ቫይረሱ ከዛፍ የሚመጣ እንዳይመስል በ1963 ዓ. ም. «ር» የተባለችው ፊደል እንድትቀር ተደረገ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አንዲት ፊደል ይህን ያህል የምታሳስት ከሆነ፣ አንድ ሙሉ ቃል ምን ያህል ያሳስት ይሆን?

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአማርኛችን «ቢጫ ወባ» የምንለው በሽታ ወባ አይደለም። ወባን የሚያመጣው ፕላዝሞድየም የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ቢጫ ወባን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። የወባ መድኃኒት ለቢጫ ወባ አይረዳም። ለቢጫ ወባ ግን ማክስ ቴይለር በ1937 ያስገኘው ክትባት አለ፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን የትኩሳቱ መመሳሰል ነው።

አርቦቫይረስ የአንድ በሽታ ስም ወይም የአንድ ዘር ስም መስሎ የሚታየውም ሰው አለ። ይህም ስሕተት ነው። ከጐንደር ወደ መተማ ይወርዱ የነበሩት ሲራራ ነጋዴዎች ሁሉ የአንድ አባት ልጆች አልነበሩም፤ ነጋዴ የተባሉት በሚሄዱበት መንገድና በሥራቸው ነው። አርቦቫይረስም እንዲሁ የመንገድ ስም ነው እንጂ የትውልድ ስም አይደለም። ቢጫ ወባና ደንጊ ፍላቪቫይረስ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ መገጣጠሚያን የሚያጐብጠው ችኩንጉንያ ደግሞ አልፋቫይረስ ከሚባል ከሌላ ወገን ነው። ሁሉም በትንኝ ስለሚጓዙ ብቻ በአንድ ስም ይጠራሉ። እንደዚሁም ነፍሳት የሚያደርሱት በሽታ ሁሉ አርቦቫይረስ አይደለም። ወባ በትንኝ፣ በመተማ ቆላ የታወቀው ካላ አዛርም በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም ግን ቫይረስ አይደሉም።

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይምሰላችሁ። ከ1960 እስከ 1962 ዓ. ም. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው በተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንደ ታመመና 30,000 ያህል እንደ ሞተ ይገመታል። ደንጊ በ2013 በድሬዳዋ፣ ችኩንጉንያም በ2019 በዚያችው ከተማ ታይተዋል። ወደ እኛ ስንመለስ፣ በመተማና በሑመራ ሆስፒታሎች በትኩሳት ታመው በመጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ከአምስቱ በአንዱ ያህል ደም ውስጥ የደንጊ ምልክት እንዳገኘ አስታውቋል። በ2023 ዓ. ም. ደግሞ በጐረቤታችን በገዳሪፍ የደንጊ ወረርሽኝ ተነሥቷል። በዚያው ዓመት ሱዳን ውስጥ በተጀመረው ጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሯል። ስደተኛውን ልንቀበለው እንጂ ልንወቅሰው አይገባም፤ ነጋዴውም ሾፌሩም በዚያው መንገድ ይመላለሳልና፣ ቢንቢም ኬላ አያግዳትም።

አንዳንድ ሰው «ሰሊጥ አጫጁ የግሪክና የእንግሊዝ ቃል ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። በእኛ አሳብ ግን ስሙ ጠላቱን የት እንደምንፈልገው ይነግረናል። የወባ ትንኝ በኩሬና በረግረግ ትራባለች፤ የምትናከሰውም በሌሊት ነው። ደንጊንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤድስ ኤጅፕቲ የተባለችው ትንኝ ግን የምትራባው በገዛ ቤታችን ነው፤ በበርሜል፣ ሱዳኖች ዚር በሚሉት የሸክላ ጋን፣ በተጣለ ጎማና በቆርቆሮ ውስጥ። የምትናከሰውም በቀን፣ ይልቁንም በማለዳና ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ትኩሳትን ሁሉ ወባ ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ሌሊት በአጐበር ተኝቶ፣ ሩቅ ያለውን ኩሬ እየደፈነ፣ ጠላቱን በደጃፉ በርሜል ሲቀልብ ይኖራል።

በመድኃኒትም በኩል ጉዳት አለ። «ያው ወባ ነው» ብሎ ያለ ምርመራ ክኒን የሚውጥ ሰው፣ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ ገንዘቡንም ጊዜውንም ያጠፋል፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ የመሰሉትን ቢጨምር ደግሞ የመድማት አደጋ ያመጣል። ነገር ግን ይህን ያነበበ ሰው ወባን ንቆ በቤቱ እንዳይተኛ አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ወባ ፈጥኖ ይገድላልና፣ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ወባ የለብህም የተባለ እንደ ሆነም «በሽታ የለብኝም» ማለት እንዳልሆነ ይወቅ፤ ትኩሳቱ ካልለቀቀው፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ደም ከታየበት ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወዲያው ይመለስ።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ ሦስት ነገር እንድታስተምሩ እንለምናለን። መጀመሪያ፣ ቢጫ ወባ ወባ አለመሆኑን። ሁለተኛ፣ አርቦቫይረስ የሚለውን ቃል እንዳለ ተቀብላችሁ ትርጉሙን አብራችሁ አስረዱ፤ «የቫይረስ ወባ» የሚል ሌላ አሳሳች ስም አታውጡለት። ሦስተኛ፣ ተማሪው በየሳምንቱ አንድ ቀን የቤቱን የውኃ ዕቃ ደፍቶ፣ ውስጡን ፈግፍጎ አጥቦ እንዲከድን። የትንኟ ዕንቁላል ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በጋኑ ጠርዝ የተጣበቀ ዕንቁላል ግን ቢደርቅም ለወራት ስለሚቈይ፣ መድፋት ብቻ አይበቃም፤ መፈግፈግ ያስፈልጋል።

ውኃ በጠፋበት ቆላ የተቀዳውን ድፉ ማለት እንደሚከብድ እናውቃለን። መድፋት ያልቻለ ቢያንስ ትንኝ በማታሳልፍ ጨርቅ አጥብቆ ይሸፍነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን በሌላ ስም የጠራም ከደበቀው አይሻልም።