በጽሑፍ ያልተጠየቀ ድጋፍ

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚያስፈልገውን ድጋፍ በነጻ የማግኘት መብት አለው። መብቱ የመነጨው ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከፈረሙት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ትምህርት ቤቶች የአካልም ሆነ የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ከደጅ ይመልሷቸው ነበር። ሕጉ በ1990 «አይዲያ» የሚለውን የዛሬ ስሙን ሲያገኝ ኦቲዝም ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ ሰፈረበት። የልዩ ትምህርት መብቱ ከ3 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ይሸፍናል፤ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ ሕጉ ለብቻው የተዘጋጀ ክፍል አለው። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅም ከመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይከለከል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል።

ሕጉ ትምህርት ቤቶች ድጋፍ የሚሹ ልጆችን ራሳቸው ፈልገው እንዲያገኙ ያዛል። በተግባር ግን ቀድሞ የሚደርሰው ቀድሞ የጠየቀ ወላጅ ነው። በኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ ጥያቄውን የሚያዘገዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለው የዘመድ ማጽናኛ ነው። ሌላው አገር ቤት የለመዱት ነገር ነው፤ እዚያ ወላጅ ትምህርት ቤት ሲጠራ ሊሰማ እንጂ ሊከራከር አይሄድም፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚሆን ቦታም የሚገኘው በግለሰቦች ጥረት ነው። ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። የአሜሪካው ሕግ ግን ወላጅን የውሳኔው ተካፋይ ያደርገዋል፤ ለጨዋነት ብሎ ዝም ያለ ወላጅ በቀረበለት ነገር እንደተስማማ ይታያል።

የመጀመሪያው እርምጃ ጽሑፍ ነው። ልጅ ሲያደርሱ በር ላይ ለመምህሯ የተነገረ ቃል ቀን አያስቆጥርም። ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለልዩ ትምህርት ክፍሉ የተላከ፣ ቀን ያለበት፣ ልጁ እንዲገመገም የሚጠይቅ አጭር ኢሜይል ግን ያስቆጥራል። ትምህርት ቤቱ ካልተስማማ ምክንያቱን በጽሑፍ መስጠት ግዴታው ነው። ከተስማማ ወላጁ ለግምገማው ፈቃዱን ይፈርማል። የፌዴራሉ ሕግ ከዚያ ቀን አንሥቶ 60 ቀን ይሰጣል፤ ስቴቶችም የራሳቸውን ጊዜ ሊወስኑ ይችላሉ። ቨርጂኒያ ለምሳሌ ጥያቄው ከደረሰ በኋላ 65 የሥራ ቀናት ትፈቅዳለች።

የሐኪም ማስረጃ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይወስንም። ትምህርት ቤቱ የሚመረምረው ኦቲዝሙ የልጁን ትምህርት ይጎዳ እንደሆነና ልዩ ትምህርት ያስፈልገው እንደሆነ ነው። ትምህርት ማለት የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር መግባባት፣ ተራ መጠበቅ፣ ጫጫታን መቋቋምም ይታያሉ። ሂሳብ ላይ ጎበዝ በመሆኑ ብቻ ልጁን ከልዩ ትምህርት ማስቀረት አይቻልም። መስፈርቱን ያላሟላ ልጅም በ1973 በወጣ ሌላ ሕግ ክፍል 504 መሠረት እንደ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት ያለ ማመቻቸት ሊያገኝ ይችላል።

በዚህ ደረጃ ቋንቋ ብዙ ያሳስታል። የንግግር መዘግየቱ «እንግሊዝኛ ገና እየለመደ ስለሆነ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ልጅ አለ። ሕጉ እስከተቻለ ድረስ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲገመገም ያዛል፤ ወላጁ በውጤቱ ካልተስማማም በትምህርት ዲስትሪክቱ ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ እንዲገመገም መጠየቅ ይችላል። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛ እንዲተዉ ይመከራሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደሚያዘገይ ጥናቶች አላሳዩም፤ አማርኛውን መንጠቅ ግን ልጁን ከአያቶቹ ይለያል።

ልጁ ብቁ ነው ከተባለ በ30 ቀን ውስጥ ስብሰባ ተጠርቶ «አይኢፒ» የሚባለው የግል የትምህርት ዕቅድ ይዘጋጃል። ወላጁ ከጠየቀ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ማስተርጎም የለባቸውም፤ የስብሰባው ቃላት ለልጅ ይከብዳሉ፤ ስለ ታናሹ የሚነገረውን ለእናቱ ማድረስም የልጅ ሸክም አይደለም።

የዕቅዱ ጥንካሬ በአጻጻፉ ይታወቃል። «የንግግር ድጋፍ ያገኛል» የሚል መስመር ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። የንግግር ሕክምናው በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ደቂቃ፣ በቡድን ወይስ ለብቻ፣ በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ መጻፍ አለበት። ግቡም መለካት አለበት፤ ልጁ «ይሻሻላል» ከማለት ይልቅ ከአምስት አጋጣሚ በአራቱ ያለ እርዳታ የሚፈልገውን ይጠይቃል ቢባል ዓመቱ ሲያልቅ መድረስ አለመድረሱ ይታያል። ከዓመት ዓመት ያው ግብ ሲገለበጥ ደግሞ ወላጅ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ፣ ኦቲዝም ባለበት የኮሎራዶ ልጅ ጉዳይ፣ ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢ እድገት እንዲያሳይ ተደርጎ መዘጋጀት እንዳለበት ወስነዋል፤ ለይስሙላ የሚሆን ቅንጣት እድገት በቂ አይደለም።

በስብሰባው ማብቂያ ወረቀት ይዞራል። በስብሰባው መገኘትን የሚያረጋግጥ ፊርማና የስምምነት ፊርማ ይለያያሉ፤ ልዩ ትምህርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምረው ወላጁ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሰነዱን ቤት ወስዶ ማንበብ፣ ከፊሉን ተቀብሎ በከፊሉ አለመስማማትን በጽሑፍ ማሳወቅ ነውር የለበትም። አለመግባባት ከቀጠለ ሽምግልና፣ ለስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ወይም መደበኛ ክስ መመሥረት ይቻላል፤ ለአቤቱታው የጊዜ ገደብ አንድ ዓመት ነው። በየስቴቱ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የወላጆች ማዕከልም አለ፤ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሚኒሶታ ያላት ፔሰር ይባላል።

ዕቅዱ ቢያንስ በየዓመቱ ይታያል፤ ልጁም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንደገና ይገመገማል። ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለ ሥራና ስለ ራስን መቻል የሚናገር ክፍል ይጨመርበታል። የትምህርት ቤቱ ግዴታ በወጣትነቱ መጀመሪያ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የአዋቂዎች አገልግሎቶች ወረፋ አላቸው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳለ መግባት አለበት፤ እሱም በጽሑፍ።