ቍጣ በአባቶች ሰውነት ስለ መሰንበቱ

«በጕልማስነቴ ተቈጥቼ ወዲያው እረሳው ነበር፤ ዛሬ ግን ጥቂት ንትርክ የሌሊት እንቅልፌን ይወስደዋል» የሚል አባት በየቤቱ አይታጣም። ልጆቹም ነገሩን የጠባይ መክፋት አድርገው ይቈጥሩታል። በዚህ ወር ስለ አባቶች ጥቂት ልንከራከርላቸው ወደድን።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ ከሁለቱ ኵላሊቶች በላይ እንደ ቆብ የተደፉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲቈጣ ከአንጐል ትእዛዝ ይደርሳቸውና ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይሰዳሉ፤ እርሱም ጉበት ስኳር እንዲያወጣ አድርጎ ሰውነትን ለመከራው ያሰናዳል። ይህ ሆርሞን በጤናማ ሰው ማለዳ ይበዛል፤ ወደ እኩለ ሌሊት ከሁሉ ያንሳል። በደም ውስጥ በበዛም ጊዜ ራሱ ወደ አንጐል ተመልሶ «ይበቃል» የሚል መልእክት ያደርሳል። በእርጅና የሚደክመው ይኸው «ይበቃል» የሚለው ድምፅ ነው፤ አንጐል ትእዛዙን ለማቆም ይዘገያልና። ከ18 እስከ 83 ዓመት የሆናቸው ወንዶችና ሴቶች የተመረመሩበት፥ በ1996 የታተመ ጥናትም (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን) የሌሊቱ ዝቅተኛ መጠን ከዕድሜ ጋር ከፍ እያለ መሄዱን አሳይቷል።

ሩጫና ረጅም የእግር ጕዞ ይህን ያቃኑት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በ1987 የታተመ ምርመራ እንዳስረዳው፥ ልምድ ያላቸው ሯጮች ሩጫን ከማያውቁት ጋር እኩል ሥራ ሲሠሩ ያወጡት ኮርቲሶል ያነሰ ነበር፤ እያንዳንዱ በየዐቅሙ በተፈተነ ጊዜ ግን ልዩነቱ ጠፋ። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ሌላ ነው፤ አብዝተው የሚሮጡት ሰዎች በዕረፍት ሳሉ እንኳ የማታ ኮርቲሶላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ለካ በሽማግሌው ላይ እርጅና ያደረሰበትን ነገር ወጣቱ ያለ ልክ በመሮጥ ሊያመጣው ይችላል! በ2008 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 12 ወንዶች ለ30 ደቂቃ ሲሠሩ፥ ከዐቅማቸው 60 ወይም 80 በመቶ የሚጠይቀው ሥራ ኮርቲሶልን ከፍ አደረገ፤ 40 በመቶ የሚጠይቀው ግን እንዲያውም ቀነሰው።

ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 በሙኒክም በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ወጣ። የ60 ዓመት አባት ግን ይህን አይቶ ነገ ማለዳ ዳገት ሊሮጥ አይነሣ። ከባልንጀራው ጋር እየተጨዋወተ የሚሄድበት ርምጃ ይበቃዋል፤ የልብ ሕመም ያለበትም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ልጆችም የቤቱን ክርክር ከእራት በኋላ ባያነሡበት እንመርጣለን፤ ጧት ያነሡት እንደ ሆነ ለመብረድ ቀኑን ሙሉ ጊዜ ያገኛልና።