ደንቡን በቃል ከማጥናት ዘርዝሮ መጻፍ ይሻላል

ባለፈው መንፈቅ ፈተና 3ሀ² × 4ሀ³ ስንት ነው ተብዬ 12ሀ⁶ ብዬ ጻፍሁ። መልሱ 12ሀ⁵ ነው። ደንቡን ሳላጠና ቀርቼ አይደለም፤ ከቱላ ገበያ እስከ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ እንደ ዳዊት ስደግመው ነበር። ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን «ይደመራል» ነበር ወይስ «ይባዛል»፣ ተምታታብኝ። በ2014 ዓ.ም. በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ ለምናውቅ፣ አንዲት ማርክ ቀላል አይደለችም።

ስለዚህ በቃል መድገሙ ይቅርብን እላለሁ። ሀ² ማለት ሀ × ሀ፣ ሀ³ ማለት ሀ × ሀ × ሀ ነው። ጎን ለጎን ጽፎ የቆጠረ ሰው አምስት ሀ ያገኛል፤ ከፊት ያሉትን 3ንና 4ን ያባዛል። (ሀ²)³ ሲሆን ግን ሀ² ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ ስድስት ይሆናል። ለካ የኔ ስድስት የመጣው ከዚህ ኖሯል!

«ይህማ የሕፃን ሥራ ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። ትንሿን ቁጥር ከፊደል ራስጌ ማስቀመጥን በ1637 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስለመደው ፈረንሳዊው ዴካርት እንኳ፣ ለካሬ ብዙ ጊዜ ፊደሉን ሁለቴ ይጽፍ ነበር። እሱ ካላፈረ እኔ ለምን አፍራለሁ?

የባሰው ደግሞ ሀ² + ሀ³ን ሀ⁵ ማለታችን ነው። ሀ² ስፋት ነው፤ እንደ እንሰት ጓሮአችን። ሀ³ ይዘት ነው፤ ቆጮ እንደሚቀበርበት ጉድጓድ። እናቴን «ጓሮውንና ጉድጓዱን ደምሪልኝ» ብላት ትስቅብኛለች።

መምህራኖቻችንም በፈተና ወረቀት ላይ ለዝርዝሩ ቦታ ቢተዉልን፣ ማርክም ቢሰጡበት እለምናለሁ።